እንደነበረች መልሳት

ቀለም ቀቢውን የሰፈሩ ሰው መስታወት ይለዋል። እሱ በቀባው የመኪና በር ላይ ራሱን እያየ ፂሙን የተላጨ ደንበኛ አለ ይባላል፤ ወሬውን ያስወራው ራሱ ነው የሚሉም አሉ። ካለፈው ሰኞ ወዲህ ግን በዚህ ስም ሲጠሩት አንገቱን ይደፋል።

ሙያውን ያስተማሩት፣ ጋሼ የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው በመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ቀለም ክፍል ውስጥ ሠርተዋል። እዚያ በገዛ እጃቸው ቀብተው ያስወጧትን አንዲት ሰማያዊ መኪና ከዓመታት በኋላ አፈላልገው ገዟት። ዛሬ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የቀለም መርጫ መያዝ ትተዋል። የቀቧቸው ሌሎች መኪኖች ቀልጠው ድስትና ምስማር ሆነዋል። የቀረችው እሷ ብቻ ናት።

የአሮጌ መኪና ወዳጆች እሁድ እሁድ ሲሰበሰቡ፣ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቁትን አልፈው የጋሼ መኪና ሥር ይንበረከካሉ። ኮፋኖዋን ጠጠር ነካክቶታል፤ ጣሪያዋ በፀሐይ ገርጥቷል፤ ከኋላ ደግሞ ቀለሙ ሳይደርቅ የወረደባት አንዲት ቀጭን መስመር አለች። ጋሼ መስመሯን በጣታቸው እየዳሰሱ፣ "የዛሬ መኪና ስህተት የለበትም፤ ስለዚህ ማን እንደሠራው አታውቅም። እዚህ ጋ ግን እኔ አለሁ" ይላሉ። መስታወት ይህን ደጋግሞ ሰምቷል። ጉዱም ይኸው ነው።

ጋሼ መኪናዋን ያመጡለት የግራ በሯን ከታች ዝገት ስለበላው ነበር። መዳፍ የምታህል ቦታ። "ለአሥር ቀን ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። እንደነበረች መልሳት" ብለውት ሄዱ።

አባባሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ የቱን ማለታቸው እንደሆነ ግን የመስታወት ልብ ያውቅ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ከዘመናዊዎቹ መኪኖች ጋር ነው። የእነሱን ቀለም ኮምፒዩተር ይለካል፤ የተጎዳ በራቸው ተነቅሎ ሌላ ይገጠማል፤ የእሱን እጅ የሚፈልግ የለም። እንዲህ ያለ ወፍራም ላሜራ ሲያገኝ አላስችል አለው። "ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረች አደርጋታለሁ፤ ጋሼ ይደሰታሉ" አለ። ውሸቱን ነው። የፈለገው ከአስተማሪው መብለጡን ማሳየት ነው።

ፋቃት። ቀጭኗ መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ወጥቶ ሻይ ጠጣና ተመልሶ እሷንም ፋቃት፤ ከዚያም መኪናዋን በሙሉ እንደ አዲስ ቀባት።

ሰኞ ጠዋት ጋሼ መጡ። መኪናዋን ዞሯት። ከኋላ ሲደርሱ ጣታቸውን አሳረፉ፣ ፈለጉ፣ አጡ።

"ቆንጆ ሥራ ነው" አሉ። "ምነው ግን ሁሉንም?"

መስታወት እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ቀለሙ ከሥር ለቆ ነበር ጋሼ። በሩን ስነካው ሌላውም እየተላጠ አስቸገረኝ።"

ቃሉ ገና ከአፉ ሳይወጣ ተጸጽቷል፤ ግን ወጣ።

ሽማግሌው ያገኙት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። "ለቀቀ? እንግዲያው ያኔ ላሜራውን በደንብ ሳላጸዳ ነው የቀባሁት። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ንቅንቅ አላለም እያልኩ አፌን ሞልቼ ሳወራ ኖርኩ። ይቅርታ ልጄ፣ በእኔ ጥፋት አንተ ለፋህ።"

መስታወት ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የበደሉት ሰው መልሶ ይቅርታ ሲጠይቅ የሚሰማው ነገር ለጠላትም አይመኙት።

ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "ከተላጠው ቁራጭ ካለህ አምጣልኝ። ጀርባውን አይቼ የት ላይ እንደተሳሳትኩ ልወቅ፤ ሳላውቀው አልሙት።"

ቁራጭ ከየት ይምጣ? ጥግ ላይ ባለው ባልዲ ውስጥ ያለው እንደ ዱቄት የላመ ሰማያዊ ብናኝ ብቻ ነው። መስታወት ባልዲውን አምጥቶ እግራቸው ሥር አስቀመጠው።

"ቁራጭ የለም ጋሼ። አልተላጠም ነበር፤ ዋሽቼዎት ነው። ደህናውን ቀለም እኔ ነኝ የፋቅኩት። በማሽን እንኳ አልለቅ ብሎ ሁለት ቀን ታግሎኛል።"

ጋሼ የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ባልዲው ውስጥ ከተው አወጡት። ጣቶቻቸው ሰማያዊ ሆኑ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ቀና ብለውም አላዩትም።

"ሁለት ቀን?" አሉ። "ሁለት ቀን ሙሉ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው እሁድ አብረኸኝ ትመጣለህ። ቀለሙ ሁለት ቀን እንደታገለህ ለሰዎቹ አንተው ትነግራቸዋለህ። ከእንግዲህ እኔ ብናገር በምን ያምኑኛል።"