የደረቁ ጆሮዎች ሰፈር

ሰፈሩ «እሜቴ ጥጥ» ብሎ ስም ያወጣላት ስለሚወዳት አይደለም። የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች የሕፃናትን ጆሮ ታያለች፤ ጆሮ ውስጥ የተወተፈ ጥጥ ያገኘች ቀን ያቺ እናት አለቀላት። ጥጡን በሁለት ጣቷ መዛ ታወጣና ከፍ አድርጋ ደጅ ለተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ታሳያለች። «ይሄ ምንድን ነው? ጆሮ ነው ወይስ ትራስ?» ትላለች። ጎረቤት ይስቃል። እናትየው መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ለነገሩ ትምህርቷ እንከን የለበትም። የልጅ ጆሮ ሲመግል ዘይት አይፈስበትም፤ በክብሪት እንጨት አይጎረጎርም፤ ጥጥ ወትፎ መተውም መግሉን እዚያው አፍኖ ማስቀመጥ ነው። ንጹሕ ጨርቅ ጠምዝዞ ማድረቅ፣ ቶሎ ጤና ጣቢያ ማምጣት፣ የታዘዘውን ጠብታ መጨረስ። ችላ ከተባለ ታምቡሩ ይበሳል፤ ልጁም ቀስ በቀስ መስማት ያቅተዋል። ይህን ሁሉ ታውቃለች፣ ከልቧም ታምንበታለች። ግን እናቶች ለእሷ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሰነፍና በጣም ሰነፍ። ለሁለቱም የምትናገርበት ድምፅ አንድ ነው።

ደግሞ ፕሮግራም ትወዳለች። የዚህ ሰፈር ቀን ማክሰኞ ከሆነ ማክሰኞ ነው፤ ዝናብ ቢጥል፣ ጉንፋን ቢይዛት፣ ዝንፍ አይልም። ሰዉም ይህን ጠባይዋን ልቅም አድርጎ ዐወቀ።

እንዲህ እንዲህ እያለ የሚመግል ጆሮ ከሰፈሩ ድራሹ ጠፋ። ትናንት ቤት ሙሉ የነበረ በሽታ የት ገባ ብላ አንድ ጊዜ እንኳ ራሷን አልጠየቀችም። ምን አስጨነቃት? ልቧ አብጦ ነበር። «አስተማርኳቸው» ትላለች አፏን ሞልታ። የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊም ከእሷ ብሶ ፈነጠዘ። ሠራተኞቹ «አቶ በአጽንኦት» ይሉታል፤ ያለዚህ ቃል ዐረፍተ ነገር መጨረስ አይሆንለትም፤ የመፀዳጃ ቤቱን ቁልፍ ሲጠይቅ እንኳ በአጽንኦት ነው።

«የዚህ ሰፈር ተሞክሮ በአጽንኦት ተቀምሮ ሊሰፋ ይገባል» አለ። ወዲያው ቀን ተቆረጠ፤ እንግዶች ተጠሩ። ከእንግዶቹ አንዱ የትልቁ ሆስፒታል የጆሮ ሐኪም ነው፤ መጥቶ የደረቁትን ጆሮዎች እንዲያደንቅ። ስለ ሕፃናት የመስማት ጤንነት ለሚደረገው ለዚህ በዓል ደግሞ ግንብ የሚያንቀጠቅጡ ድምፅ ማጉያዎች ታዘዙ። የሚቀመጡትም ለልጆቹ ከተዘጋጀው አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ነው። ይህን ያሰበ ጭንቅላት ደመወዝ ይከፈለዋል።

ነርሷ የምትኖረው ከወንድሟ ጋር በአንድ ግቢ ነው። ወንድሟ የጭነት መኪና ሹፌር በመሆኑ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ይገኛል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ በር ላይ የስፌት መኪናዋን ዘርግታ የሰፈሩን ተማሪዎች ዩኒፎርም ስትሰፋ ትውላለች። ገና አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ አለቻቸው፤ ሁሉም «ሚጢ» ይላታል።

ሚጢ በግቢው ደረቅ ተብላለች። ሲጠሯት አቤት አትልም። ቴሌቪዥን ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ልትለጠፍ ትደርሳለች። እናቷ ስትሰፋ ጉንጯን በመኪናው ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ፣ ዐይኗን ጨፍና ንዝረቱን ታዳምጣለች። አክስቷ ይህን ባየች ቁጥር አፍንጫዋን ትነፋለች።

«ቅብጥ አድርገሽ ነው ያበላሸሻት» ትላለች የወንድሟን ሚስት። «ስትጠራ አቤት የማትል ልጅ ነገ ምን ልትሆን ነው?»

«ልክ ነዎት፣ እትዬ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከዚያም አንገቷን ደፍታ ፔዳሉን ትረግጣለች።

ማክሰኞ ጠዋት አክስትየዋ ሥራዋን የምትጀምረው ከራሷ ግቢ ነው። የሚጢ ጆሮ ሁልጊዜ ደረቅ፣ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። «የወንድሜን ልጅ ጆሮ ያየ ነው ጆሮ አየሁ የሚል» እያለች በየደጁ ታወራለታለች።

የበዓሉ ዋዜማ በጤና ጣቢያው ልምምድ ነበር። ነርሷ ነገ የምታደርገውን ጫማ ለመውሰድ ባልተለመደ ሰዓት፣ በእኩለ ቀን ወደ ቤት መጣች። ማክሰኞ አልነበረም። ሚጢ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ከሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ የጠርሙስ ክዳን ታጥባለች። የውሃ ቦቴ በሩ ላይ ደርሶ ጡሩንባውን ሲያንባርቅ የጎረቤት ውሻ ዘለለ፤ አንዲት ሴት ከቤት ውስጥ ሹፌሩን ከነዘር ማንዘሩ ረገመችው። ሚጢ ክዳኗን ማጠቧን ቀጠለች።

«ሚጢ» አለች አክስቷ። «አንቺ ሚጢ።»

መልስ የለም። ነርስ ናት፤ ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ምን እንደሚባል ታውቃለች። የራሷ ዘመድ ሲሆን ግን የመጣላት ንዴት ነው። ደረቅ ልጅ ጆሮዋን ቆንጠጥ ሲያደርጓት ትሰማለች ብላ ተጠጋች። ጥላዋ ሳፋው ላይ ወደቀ። ሚጢ ዞር ብላ አየቻት።

ያኔ የልጅቷ እጅ በፍጥነት ወደ ጆሮዋ ሄደ። የራሰ፣ ቢጫ ጥጥ መዛ አወጣችና ወደ አፏ ከተተች። ከንፈሯን ገጠመች። በእጅጌዋ ጆሮዋን ጠረገች። ከዚያም ልክ እንደ ማክሰኞ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጆሮዋን ለምርመራ አቀረበች።

ነርሷ ቆሌዋ ተገፈፈ። አፏን አስከፍታ ጥጡን አወጣች፤ ሽታው አፍንጫዋን መታት። ሌላኛውንም ጆሮ አየች፤ ያም ያው ነው። ልብስ ሰፊዋ ክር አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ከቤት ወጣች፤ ጥጡን በእትዬ እጅ ስታይ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ነው። ጉንፋኑ ለቀቃት፣ ጆሮዋ ግን እምቢ አለ።»

«እኔ ነርሷ እዚሁ ግቢ ውስጥ እያለሁ?»

«እርስዎ ስላሉ ነዋ፣ እትዬ።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የጎረቤታችንን ልጅ ጥጥ ይዘው ደጅ ለደጅ ሲያሳዩ አይቻለሁ። ሴትዮዋ ስንት ጊዜ ከቤቷ ሳትወጣ ከረመች። እኔማ የወንድምዎ ሚስት ነኝ፤ በእኔ ቢሆን ምን ሊያደርጉኝ ነው አልኩ። ማክሰኞ ሲነጋ ሁላችንም እንጠርጋለን። እርስዎ ባስተማሩን መሠረት ጨርቅ ጠምዝዘን አድርቀን እንጠብቅዎታለን፤ ሲያልፉ መልሰን እንወትፋለን።»

«ሁላችሁም?»

«ያልጠረገ ማን አለ?»

ትምህርቱንማ በሚገባ ተምረውታል፤ የተጠቀሙበት ግን ከአስተማሪያቸው ለመደበቅ ነው። ነርሷ እንደ ልማዷ ልትሳደብ አፏን ከፈተች። «እናንተ ሰነፎች» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሚጢ አንጋጣ የአክስቷን ከንፈር ታያለች፤ ተቆጥታ እንደሆነ ከፊቷ ለማንበብ። ይህች ልጅ ስትጠራ አቤት ያላለችው ስለማትሰማ ነው። ከዘመድ ሁሉ ይህን ማወቅ የነበረባት ነርሷ ናት፤ እሷ ግን ደረቅ ስትላት ከርማለች። ስድቡን ዋጠችው፤ እያቃጠላት ወረደ።

አመሻሹን ሳትጠራ ቤት ለቤት ዞረች። «ነገ ልጆቹን ሳትጠርጉ አምጧቸው። ሐኪሙ ይያቸው። ማንንም አልናገርም» አለች። እናቶቹ «እሺ ሲስተር» እያሉ በትሕትና እጅ ነሱ። በሩ ሲዘጋ እርስ በርስ ተያዩ፤ እሜቴ ጥጥ ዛሬ ደግሞ አዲስ ወጥመድ ይዛ መጣች።

በማግስቱ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ልጆች ጆሮ ያብለጨልጭ ነበር። አንዱም አልቀረ፤ እንዲያውም ከማክሰኞው በረታ አድርገው ጠርገዋቸዋል። አቶ በአጽንኦት በድምፅ ማጉያው እየጮኸ ከባለድርሻ አካላት ጋር ስለ መቀናጀት ሲያስረዳ ሕፃናቱ ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያለቅሳሉ። ከትንንሾቹ አንዲት ብቻ አላለቀሰችም፤ በእናቷ ጭን ላይ ሆና የማጉያውን ሽቦ ታያለች።

ነርሷ ተራዋ ሲደርስ ማይኩን አልተቀበለችም። «መጀመሪያ ይሄ ነገር ይዘጋ» አለች። ከዚያ ሳትጠረግ የመጣችውን ሚጢን ከእናቷ ተቀብላ አቀፈቻት፤ ከጆሮዋ ጥጡን አወጣች፤ እንደ ድሮው በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ይሄ የወንድሜ ልጅ ጥጥ ነው። ከእኔው ግቢ። ከክረምት ጀምሮ በየሳምንቱ እያየሁት አላየሁትም።»

ማንም አልሳቀም። ልጇ ጥጥ የወጣለት ያቺ ጎረቤት ከኋላ ሆና፣ «ጆሮ ነው ወይስ ትራስ አይሉም እንዴ?» አለች። ነርሷ አንገቷን ደፋች።

«በአጽንኦት መታየት ያለበት…» ብሎ ጀመረ ኃላፊው፤ የሚታየውን ግን ራሱም አላወቀውም። እንግዶቹ ምሳ ይቀዘቅዛል ተብለው ተነሡ። የጆሮ ሐኪሙ ግን ቀረ። ቦርሳውን ከፍቶ መብራቱን አወጣ፤ የሚጢን ጆሮዎች ተራ በተራ ሲያይ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። የቀኙ ታምቡር እጅግ ተበልቷል፤ በዚያ በኩል የሄደው መስማት እንደሚመለስ ቃል ሊገባ አልቻለም። የግራው ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ከደረቀና ጠብታውን ካላቋረጠች ይተርፋል። «ከሁለት ወር በፊት ብትመጣ ኖሮ» አለና ቀሪውን ትቶ መብራቱን አጠፋ። እሱም ሰው ነው፤ የነርሷን ፊት አይቶ።

ያቺ ጎረቤት ልጇን አቅፋ ከሚጢ ኋላ መጥታ ቆመች። ሌላዋም ተከተለች። የቀሩት ግን የሚያበራ ጆሮ ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ። በአንድ ቀን የሚመለስ እምነት የለም፤ አንዳንዶቹ እስከ ዛሬም ማክሰኞ ይጠርጋሉ።

የሚጢ ግራ ጆሮ ደረቀ። ቀኙ እንዳለ ነው። አክስቷ አሁን ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ በግራ በኩል ትመጣለች፤ ጠጋ ብላ፣ ቀስ አድርጋ «ሚጢ» ትላታለች።

«አቤት» ትላለች ሚጢ። ትሰማለች። ዞር ብላ አክስቷን ታያለች፤ ወዲያውም እጇ ወደ ጆሮዋ ይሄድና የምትደብቀውን ጥጥ ይፈልጋል።