የእጮኛው ወደብ

የጦርነት ታሪክ ባሕር ማዶ ድረስ ሄዶ የተማረ ሰው፣ ስንቁን የምታቀብለውን አጋሩን ምን ነክቶት ይወርራል? መምህሩ ይህን ራሱን ቢጠይቁትም አያውቀውም።

እሱ አገር ቤት ሲመለስ እጮኛው ትምህርቷን ስላልጨረሰች እዚያው ቀርታለች፤ በየምሽቱ የሚገናኙት በኮምፒውተር ጨዋታ ነው። እሱ የደጋው ንጉሥ፣ እሷ የባሕሩ ንግሥት። ሠራዊቱ በበረዶ ውስጥ የጠላት ምሽግ ከቦ ሲራብ፣ እህል የሚደርሰው በእሷ መርከቦች ነበር። አንድ ምሽት ወደቧ ጠባቂ እንደሌለው አየና ያዘው።

ስልኩ ወዲያው ጮኸ።

«ያጎረሰህን እጅ ነከስክ አይደል?»

«ሆዴ፣ ስልት እኮ ነው!»

«ሆድህንማ የሞላሁት እኔ ነኝ። በል ወደቤን መልስ።»

«በጦርነት የተያዘ እንዴት ይመለሳል? ደግሞ ጨዋታ ነው።»

«ጥለኸኝ አገር ቤት ስትገባም ‹ስልት ነው› ነበር ያልከኝ» ብላ ዘጋችው።

መርከቦቿ ርቀው ሄዱ። በያዘው ወደብ አንዲት ጀልባ እንኳ አልቀረችም፤ ድል አድራጊው ሠራዊት በረሃብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ጀመር። መምህሩ ረጅም ይቅርታ ጻፈ። ሲያነበው እጅ መስጠት መሰለውና አጠፋው። በምትኩ «ምሽጉ ሊወድቅ ትንሽ ነው የቀረው፤ አንድ መርከብ እህል ብቻ» ብሎ ላከ።

ንግሥቲቱ መልእክቱን አንብባዋለች። ወደ ወደቡ ግን አንዲት መርከብ እንኳ አልመጣችም።