ተሸናፊ ይቀባል

በእኛ ክበብ የማይጣስ ሕግ አለ፤ የተሸነፈ ሰው ብረት ይቀባል። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አሳይቶ አፎቱ ውስጥ ይከትታል፤ ነጭ ቀለም የሚረጨውን ጣሳ አንስቶ እስከ ዒላማዎቹ በእግሩ ይሄዳል፤ ጥይት ያጠቆራቸውን ሳህኖች አንድ በአንድ ነጭ ቀብቶ ይመለሳል። ማንም አያግዘውም፤ ማንም አይስቅበትም። ሕጉን ማን እንዳወጣው አላውቅም። እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያልረጨሁት ቀለም የለም፤ አብዛኛውም በባሌ ተሸንፌ ነው።

ባሌ ኦርቪል ይባል ነበር። እዚህ ሚዙሪ ውስጥ፣ ከድሮው የኖራ ድንጋይ ማውጫ ጀርባ ያለውን የተኩስ ሜዳ ካቀኑት ሰዎች አንዱ ነበር። ውድድሩን ሕፃንም ይገባዋል። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይቆማል፤ እያንዳንዱ አምስት ክብ የብረት ሳህን ይመታል፤ በመካከሉ አንድ ጊዜ የሽጉጡን የጥይት ካዝና ይቀይራል፤ በመጨረሻ መሃል ላይ የቆመለትን ረጅም ብረት ይጥላል። ሁለቱ ረጃጅም ብረቶች ሲወድቁ ይነባበራሉ፤ ከሥር የተገኘው ብረት ባለቤት አሸነፈ ማለት ነው። ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያልፋል። ዳኛ ሊያዳላ አይችልም፤ ብረቱ ራሱ ይናገራል።

የሚከብደው ጭንቅላቱ ነው። ኦርቪል ያስተማረኝ ሁሉ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "ልብሽ ሳይሸበር ከሩቁ ጀምሪ። ከሳትሽ ሳትሄጂ እዚያው ድገሚው። ካዝና የምትቀይሪው ዓይንሽ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው ሲሄድ ነው፤ ያ ጊዜ እንደሆነ ለማንኛውም የሚባክን ነው።" ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር ይደጋግም ነበር። "ከጎንሽ የቆመውን ሰው ብረት አትስሚ። የሱን ቆጠርሽ ማለት የራስሽን ተውሽ ማለት ነው።"

ከመጨረሻው ውድድሩ አንድ ዓመት በፊት፣ የበቆሎ አጨዳ ላይ፣ ግራ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረን፤ መድኃኒትም ሰጠን፤ አይድንም አለን። ሽጉጡን በሁለት እጁ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ መንቀጥቀጡ ጋብ ይላል፤ ካዝና ሊቀይር ግራ እጁን ሲያላቅቅ ግን መልሶ ይይዘዋል። ጥይቶቹን ካዝናው ውስጥ መሙላት አቅቶት ስለነበር እኔ ነበርኩ የምሞላለት። እሱም ያላየ ይመስላል፤ እኔም ያልሞላሁ እመስላለሁ።

በጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ ወደ ሜዳው ስንሄድ መኪና ውስጥ ድንገት ዞር አለና፣ "ጄኒስ፣ ዛሬ ዕጣው ካገናኘን እንዳታዝኚልኝ" አለኝ።

"ለአንተ ማን ያዝናል? የመኪናዬን በር ገጭተህ ሳምንት ሙሉ ዝም ያልክ ሰውዬ!"

"ቀልዱን ተይው። ይቺ የመጨረሻዬ ናት። እጄ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ አቆማለሁ ብዬ ለዳኛው ለግሌን ነግሬዋለሁ። የምፈልገው አንድ የእውነት ግጥሚያ ብቻ ነው። ብሸነፍም የእውነት ልሸነፍ። ቃል ግቢልኝ።"

"ቃሌ ነው" አልኩት። ስናገር የምሬን ነበር።

በመጀመሪያው ግጥሚያ ለኦርቪል የደረሰው አንድ አፈኛ ጎረምሳ ነበር። "ጋሽ ኦርቪል፣ ጡረታ መውጫዎ አልደረሰም እንዴ?" እያለ ቀረበ። ያ ጎረምሳ እየተጣደፈ አንዱን ሳህን አራት ጊዜ ሳተው። ኦርቪል በሰከነ እጁ እያንዳንዱን በአንድ በአንድ ጥይት መታ፤ ካዝናውንም እንደምንም ቀየረ። ሁለቱንም ዙር ወሰደ። "አንተ ልጅ፣ ጥይቱን ለአጋዘንም አስተርፍ እንጂ" ሲለው ሜዳው በሳቅ አውካካ።

እኔም የመጀመሪያ ግጥሚያዬን አሸነፍኩ። ከዚያ ዳኛው ግሌን ወረቀቱን አየና ጉሮሮውን ጠረገ። "ጋሽ ኦርቪልና እትዬ ጄኒስ!"

"ዛሬ ራት የሚሠራው ማን ነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"የተሸነፈ ነዋ!" አለ ኦርቪል።

"የተሸነፈማ ይቀባል። ራቱንም አንተው ትሠራታለህ" አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እሱም ሳቀ።

በመጀመሪያው ዙር እንዳስተማረኝ አደረግኩ። ከሩቁ ጀመርኩ፤ ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ስዞር ካዝናዬን ቀየርኩ፤ ረጅሙን ብረት ጣልኩ። ቀና ስል እሱ ገና ካዝናውን እየታገለ ነበር። ጣሳውን አንስቶ ሄደ፤ ቀብቶ ሲመለስ ፊቱ በርቷል። እውነቴን ነው፤ እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ዓመት አልፎኝ ነበር። "ይሄ ነው ተኩስ ማለት!" አለኝ ሲያልፍ።

እኔ ሞኝ ግን ያየሁት ሌላ ነበር። ያየሁት ጣሳውን ይዞ የሚንቀጠቀጠውን እጁን ነው። አንድ ጊዜ ደግሜ ካሸነፍኩት የሠላሳ ዓመት ተኩሱ በዚያው አለቀ ማለት ነው። አዘንኩለት።

በሁለተኛው ዙር ጆሮዬን ወደሱ ጣልኩ። የጆሮ መከለያ ብናደርግም የብረት ድምፅ አልፎ ይገባል። የሱን ሳህኖች ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ካዝና ጠጠር ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ባዶው አልነበረም፤ በጥይት የተሞላው ነው፤ ከእጁ አምልጦት። እኔ ካዝናዬን ቀይሬ ረጅሙን ብረት አነጣጥሬዋለሁ። ቃታውን መሳብ ብቻ ነበር የቀረኝ። አልሳብኩም። ሌላ ካዝና ከወገቡ እስኪያወጣ ቆምኩ። ብዙ እንዳይታወቅብኝ ብዬ ሆን ብዬ አንዴ ከብረቱ ጎን ተኮስኩ። በመጨረሻ የሱ ብረት ወደቀ። የኔን ከላዩ ጣልኩበት።

"ከሥር ያለው የጋሽ ኦርቪል ነው!" አለ ግሌን። ሰዉ በጭብጨባና በፉጨት አበደ።

ኦርቪል ዞር ብሎ እንኳን አላያቸውም። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ለግሌን አሳየና አፎቱ ውስጥ ከተተው። እኔ ጣሳውን አንስቼ ልሄድ ስል መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ስትሰሚኝ ነበር" አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

"ምን ላድርግ ኦርቪል፣ ሳትኩ እኮ..."

"ያንን ብረት ስትስቺ አይቼሽ አላውቅም። ካዝና ከእጄ ወድቆ ሌላ እስካወጣ አንቺ ሁለት ጊዜ ትጨርሺው ነበር። ቆመሽ ጠበቅሽኝ። ጣሳውን አምጪው።"

"ያሸነፍከው አንተ ነህ፤ የምቀባው እኔ ነኝ።"

"ማን እንደተሸነፈ አውቃለሁ፣ ጄኒስ።" ጣሳውን ከእጄ ወሰደው።

"ጋሽ ኦርቪል፣ ሦስተኛው ዙር ይቀራል እኮ" አለ ግሌን ግራ ገብቶት።

"አይቀርም። ለሷ ጻፍላት።"

ከዚያ ሄደ። አሥሩንም ሳህን ቀባ። ጣሳውን በቀኙ ይዞ ሲደክመው በግራው ይይዛል፤ በግራው ሲይዝ ቀለሙ ከሳህኑ ይልቅ ሣሩ ላይ ይበተናል፤ ያኔ ተመልሶ እንደገና ይረጫል። ጭብጨባው ቆመ። አርባ ሰው የሚሆን ቆሞ ያየዋል። ግሌን ሊሄድለት አንድ እርምጃ ሲራመድ እጅጌውን ያዝኩት። "ተወው" አልኩት። እንባዬ ይወርዳል፤ ግን ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። በዚያ ቀን መኪና ውስጥ "እንዳታዝኚልኝ" ያለኝን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽጉጥ አልያዘም። ሁለት ዓመት ኖረ። ስለዚያ ቅዳሜ አንዲት ቃል አልተናገረኝም፤ አንድ ጊዜ እንኳን ጮኾብኝ ቢሆን በወጣልኝ ነበር። ማታ ማታ ሹራቡን ስቆልፍለት "አመሰግናለሁ" ይለኝ ነበር፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚባለው።

አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እተኩሳለሁ። ብዙ ጊዜ እሸነፋለሁ፤ ከጎኔ ማንም ይቁም፣ ካዝና ጠጠር ላይ ሲወድቅ ይሰማኛል። ጣሳውን ይዤ እሄድና እቀባለሁ። ቃሌን ጠብቄ ቢሆን ኖሮ፣ ኦርቪል ያን ቀን ደስ ብሎት ይሸነፍ ነበር።