ማንንም ያላስፈራው መንፈስ

ማዶካ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፊደል ስለቆጠረች ብቻ ሰው ማስፈራት የምትችል መሰላት። ሦስት ወር ተቀምጣ መንፈስ ስለሰፈረበት ቤት፣ ለእኩዮቿ የሚሆን ልብ ወለድ ጻፈች። የወጣት ደራስያን ውድድር የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ ፖስታ ቤቱም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አይቀበልም። ያነበቡት ሁለት ጓደኞቿ ግን አዛግተው መለሱላት። ስለዚህ ለራሷ ማለች፦ አያቷ ሺጌኖ አንዴ እንኳ ከደነገጡ ትልከዋለች፤ ካልደነገጡ እሳት ውስጥ ትከተዋለች።

ሺጌኖ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ኪያር ላይ እንደ ፈረስ እግር አራት እንጨት ይሰካሉ። የሙታን መቀበያ በዓል ዋዜማ ነው፤ በአገራቸው ልማድ የሞተ ዘመድ በኪያር ፈረስ ጋልቦ ይመጣል እንጂ በእግሩ አይንከራተትም።

«ኮሪደሩ ጨለማ ነበር» ብላ ማዶካ ድምጿን አጎርንና ጀመረች። «በሩ በራሱ ጓ! ብሎ ተዘጋ።»

«የማን ቤት ነው?»

«የኛው ነዋ፣ እማማ።»

«የኛ በር ወደ ጎን ይንሸራተታል እንጂ መቼ ጓ ይላል? ከፊልም የሰረቅሽው በር ነው።»

«ይስሙኝ እንጂ! መንፈሱ ከመሬት ስር ካለው ክፍል ወጣ...»

«እዚህ አንድ ክንድ ብትቆፍሪ ውሃ ነው። ጉንፋን ይዞታል በይኛ!»

ማዶካ ጥርሷን ነክሳ ቀጠለች። «ግቢ ውስጥ የነበረችው ልጅ እየጮኸች ሸሸች። ደጃፉ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ ጫፉን ወደ ውጭ አዙራ ደረደረችና ወደ ውስጥ ሮጠች።»

«ጎሽ! አስተዳደጓስ ደህና ነው።»

የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። መንፈሱ የልጅቷ ቅድመ አያት መሆኑ ታወቀ። ልጅቷ መንፈስ የሚያባርር ጨው በተነችበት፤ እየገፋች አስወጣችው፤ በሩን ቀረቀረችበት። ቤቱም ጸጥ አለ።

ሺጌኖ አልሳቁም። እጃቸው ኪያሩ ላይ ቀረ።

«የገዛ ቅድመ አያቷን?»

«መንፈስ ነው እኮ፣ እማማ።»

«በባዶ ሆዱ? የት ሄዶ ይደር?» ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኔም ስሞት እንዲህ ነው የምታደርጊኝ?»

ይኸው ፈሩ። ማዶካ የተመኘችውን አገኘች። ግን አያቷ የፈሩት መንፈሱን ሳይሆን እሷን ነው።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። በቢስክሌት ብትከንፍ ትደርሳለች። ልብ ወለዱን የያዘውን ፖስታ አነሳች፤ ደግሞ አስቀመጠችው። የመጨረሻውን ገጽ መዝዛ ሰረዘች፣ ጻፈች፣ እንደገና ሰረዘች። ሰዓቱም አለፈ።

«አሁን ደግሞ ምን ትሞነጫጭሪያለሽ?»

«ለመንፈሱ በሩን ከፈትኩለት። ገባ።»

«እሺ፣ ገባ። ራቱስ?»

ማዶካ እርሳሷን ይዛ ቀና አለች።

«ምን ያፈዝሻል? ጻፊ እንጂ! ዓሣ አቅርቢለት፤ እሾሁንም አውጪለት፤ በዚያ ዕድሜው ጥርስ ከየት ያመጣል?»