የሌምፒ ሃውካ ረቂቅ ሕግ

እና ይስቃሉ፣ ደግሞ የደግነት ሳቅ ነው፣ ክፉ ሳቅ ቢሆን ይሻል ነበር፣ በክፉ ሳቅ ላይ ጠረጴዛ ይደበደባል፣ ይኼን ግን ምን ያደርጉታል፣ ሊቀመንበሩ ኑውቲላ መነጽሩን እየጠረገ የተከበሩ ወይዘሮ ሌምፒ ሃውካ እንደ ልማዳቸው በጣም ፈጥነው እየቀዘፉ ነው፣ እኛ ሽማግሌዎቹ ልንደርስባቸው አልቻልንም ይላል፣ የሄልሲንኪው ፓርላማ የግብርና ቋሚ ኮሚቴ በሙሉ ሆዱን ይዞ ይንፈቀፈቃል።

መቅዘፊያ። ሁልጊዜ መቅዘፊያ።

በታንኳ ቀዘፋ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ልጅነቷ ካለፈ በኋላ ነው፣ ላሞቿን አልባ፣ ድርቆሽ አጭዳ፣ ከዚያ ሐይቅ ወርዳ ትቀዝፍ ነበር፣ መንደሩ ይቺ ሴትዮ ለየላት እንዴ ሲል፣ ወርቁን ይዛ ስትመለስ ያው መንደር የኛ ልጅ አለ፣ ፓርላማም የላካት ወርቁ ነው፣ አፏን የዘጋባትም ወርቁ ነው፣ ስለ ሕዝቡ ትናገራለች እነሱ ግን ክንዷን ያያሉ።

ነገሩ እኮ የሚገባ ነገር ነው፣ የገበሬ ሚስት ስትታመም ወይ ስትወልድ ወረዳው ላሞቿን የሚያልብላት ተተኪ ሠራተኛ ይላክላት፣ በቃ፣ ይኼው ነው ረቂቁ፣ የፋብሪካ ሠራተኛ ሲታመም ቤቱ ይተኛል፣ ላም ግን ዛሬ አሞኛል ነገ ታለቢ አትባልም። ኑውቲላ ጉዳዩ ጥልቅ ጥናት የሚሻ በመሆኑ ወደ መጸው ጉባኤ እንዲተላለፍ ሐሳብ አቀርባለሁ ይላል፣ የሚቃወም? የሷ እጅ ብቻ ይወጣል፣ ታውኖስ፣ የገዛ ፓርቲዋ ሰው ታውኖ፣ ትናንት ደረጃው ላይ አይዞሽ ከጎንሽ ነኝ ያላት፣ ጣሪያውን እያየ ነው፣ ምን ሊያገኝ ጣሪያው ላይ።

ታውኖ ኮሪደሩ ላይ ይከተላታል፣ ምን ላድርግ ሌምፒ፣ የወረዳዬ አስፋልት መንገድ ጉዳይ እኮ በኑውቲላ እጅ ነው፣ አስፋልት ላይ ትተኛለህ አይደል ስትታመም ትለዋለች፣ ኧረ ተይ እንጂ አትቆጪ፣ ነገ ለወርቅሽ ያዘጋጀንልሽ ግብዣ ነው፣ ታንኳሽን አዳራሹ መሀል አስቀምጠን አበባ ሞላንበት፣ ጋዜጠኞቹም ይመጣሉ።

አበባ። በታንኳዋ ውስጥ።

ቢሮዋ ስትገባ ስልኩ ይጮኻል፣ ባሏ ኦኒ ነው፣ ኦኒ ስልክ ላይ ወሬ አያበዛም፣ ሂልያ በረት ውስጥ ወደቀች ይላል፣ ሂልያ ጎረቤታቸው፣ በአንድ ጀልባ አብራት ትምህርት ቤት የተመላለሰችው ሂልያ፣ ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው ንቅንቅ እንዳትል ብሏል፣ ባሏ የተቆረጠ ግንድ በውሃ ሊነዳ ወንዝ ወርዷል፣ እኔ አልቤላት ነበር ግን ላሞቿ ይራገጣሉ፣ የወንድ እጅ አልለመዱም፣ ደግሞ ካልጋ ልነሳ እያለች ታስቸግራለች። እየመጣሁ ነው። ግብዣውስ? ግብዣው ገደል ይግባ።

ባቡሩ ውስጥ ትናደዳለች፣ ጫካው ያልፋል ሐይቁ ያልፋል እሷ ትናደዳለች፣ በኑውቲላ፣ በታውኖ፣ በራሷ፣ ለምን አልጮህሽም፣ ለምን እንደ ጨዋ ልጅ ወንበርሽን አስገብተሽ ወጣሽ፣ ውሃ ላይ እኮ ነገሩ ቀላል ነበር፣ መስመሩ ይታያል፣ ከጎንሽ ያለችው ትታያለች፣ ቀድመሽ ከደረስሽ ደረስሽ ነው፣ ማንም ተነስቶ የመድረሻውን መስመር ወደ መጸው አስተላልፈነዋል አይልም።

ጠዋት፣ የሂልያ በረት። የፍግና የትኩስ ወተት ሽታ፣ ሌምፒ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ አስደግፋለች፣ እጇ አልረሳም፣ ወተቱ ባልዲው ውስጥ ይፎክራል፣ ሂልያ ስታየኝ ታለቅሳለች ብላ አስባ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር አዎ አስባለች፣ ጉንጬን ትስማለች፣ አንቺ ባትኖሪ ትላለች፣ ቢያንስ አንድ ሰው ዛሬ አመሰግናለሁ ይለኛል።

በሩ ሲጥ ይላል። ሂልያ ናት፣ በሌሊት ልብሷ ላይ የባሏን ካፖርት ደርባ፣ ፊቷ ነጭ፣ ጉንጯ ቀይ።

ተኚ ተብለሽ የለም እንዴ!

አንቺስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?

አይታይሽም? አልባለሁ።

ሂልያ በሩን ተደግፋ ትተነፍሳለች፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ ከጉድጓድ እንደምትቀዳ፣ ላም የሚያልብ ጠፍቶ መሰለሽ ሄልሲንኪ የላክንሽ፣ በበረዶ መንሸራተቻ ሄጄ የመረጥኩሽ ለዚህ ነው? ሕጉስ?

ወደ መጸው ተላለፈ።

አንቺስ?

እኔማ እጄን አወጣሁ።

እጇን አወጣች፣ ትላለች ሂልያ ለላሞቹ፣ ከዚያ ሳሉ ይይዛታል፣ ረጅም፣ እርጥብ ሳል፣ ሌምፒ ልትደግፋት ስትነሳ ባልዲው ሊደፋ ይደርሳል፣ ተይኝ፣ ወተቱን ያዢ! ምስጋና ፍለጋ ነው የመጣሽው፣ አውቅሻለሁ፣ እዚያ ስላልሰሙሽ እዚህ ልትወደጂ።

ሌምፒ ባልዲውን ታቀናለች። እውነት ነው፣ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ እውነት ነው።

ደግሞ እዚያስ ብመለስ፣ ይስቃሉ፣ ያስተላልፋሉ፣ ታውኖ ጣሪያ ያያል፣ ብቻዬን ቆሜ ብጮህ ያቺ ቀዛፊ አበደች ነው የሚሉት፣ ይበሉ፣ ይኼ መንደርም ብሎኝ የለ፣ ግን ዛሬ ብሄድ፣ በቀኑ ባቡር ብሄድ፣ ይቺን ማን ይይዛታል፣ ኦኒን ይራገጡታል፣ ታዲያ፣ ትላለች ጮክ ብላ፣ ድምጿ እንደ ልጅ ይሰበራል፣ ታዲያ ማታ ማን ያልባቸዋል ሂልያ?

ሂልያ ካፖርቱን ደረቷ ላይ ሰብስባ ትስቃለች፣ ሳቅና ሳል አንድ ላይ።

እኔን ነው የምትጠይቂው? ሄልሲንኪ ያሉትን ጠይቂያቸው እንጂ።