«ቁረጪ» እስኪባል

ነፋሱ ዛፉን ሲጥለው ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል በአማቴ በር ላይ አጋደመው። ወደ ጓሮ ቢወድቅ ማገዶ ነበር፤ ወደ አጥሩ ቢያዘነብል አጥር እንጠግን ነበር። የእማማ ክፍል ከዋናው ቤት ትይዩ ለብቻዋ የተሠራች ናት፤ በሯ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ቅርንጫፎቹ ተደግፈውት ከመዳፍ ስፋት በላይ አልላወስ አለ። እሳቸው ያን ጊዜ እኛ ጋ ሳሎን ነበሩ፤ ተመስገን ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍራሽ በመስኮት አውጥተንላቸው ሳሎን ያድሩ ጀመር። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ይህን ሲሰማ እየበረረ መጣ። የጦር ሰፈር ደጅ ረግጦ አያውቅም፤ ግን ቤተሰቡ በሙሉ «ሻለቃ» ነው የሚለው። ለምን እንደሚባል ከእሱ ጋር አንድ ቁምሳጥን ያንቀሳቀሰ ሰው ይገባዋል።

«እናቴ እንደ እንግዳ ሳሎን ተኝታ አላይም» አለ። «እስከ እሁድ በሩ ካልተከፈተ መኪና ይዤ መጥቼ ወደ ቤቴ እወስዳታለሁ። ለዘለቄታው!»

«አራተኛ ፎቅ ላይ?» አሉ እማማ። «ርግብ ነኝ እንዴ?»

ሳቅን። እሳቸው ግን ሳቃቸው አጭር ነበር። ጠዋት የገዛ በራቸውን ከፍተው ደጃፋቸው ላይ ወንበር የሚያወጡ ሰው ናቸው፤ እዚያ ፎቅ ላይ ሰው እንዳስቀመጠው ዕቃ እንደሚሆኑ እኛም እሳቸውም እናውቃለን።

ዛፍ ቆራጩ ጋ ሄድኩ። «ነፋሱ ለእናንተ ብቻ አልነፈሰም፣ ወንድሜ፤ ተራ ጠብቁ» አለኝ። ለእሁድ እንደማይደርስ ለባለቤቴ ነገርኳት። «መጋዝ እንገዛለን። እኔ እቆርጣለሁ» አለች።

ባለቤቴ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ቆራጭ ናት። ጨርቅ ተደራርቦ እንደ ፍራሽ ይወፍራል፤ እሷ የብረት ጓንት አጥልቃ በሞተር ቢላዋ ትቆርጠዋለች። እዚያ ክፍል አንድ ልማድ አላቸው። ቆራጯ ሞተሩን ከማስነሳቷ በፊት «ልቆርጥ ነው!» ትላለች። በዙሪያዋ ያለ ሁሉ ከጠረጴዛው ይርቅና «ቁረጪ!» ይላል። አንድ ሰው ካልመለሰ ቢላዋው አይነሳም፤ ያልመለሰው አለቃም ቢሆን። እንዲህ ስትሠራ ፀጉሯ ሸብቷል፣ ጣቶቿ ግን አልጎደሉም።

እኔ ራዲዮና ትንንሽ ሞተር እጠግናለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ እከፍታለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ እዘጋለሁ። ስለዚህ ወደ መሣሪያ ሱቁ አብረን ሄድን።

ባለሱቁ ዓይኑን ያሳረፈው እኔ ላይ ነው። በረጅሙ ሞተር መጋዝ ላይ እጁን ጣለ። «አሮጌ ነው፤ ግን አንበሳ ነው! ዋጋው ደግሞ ከአዲሱ ትንሽ ጋር እኩል።»

ባለቤቴ ተቀብላው በሁለት እጇ ወደ ፊት ዘርግታ ያዘችው። «በል እስኪ፣ ስለ እሱ አውራልኝ።»

ማውራት ጀመረ። ክንዷ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ «አየህ፣ አንተ ሳትጨርስ እኔ ጨረስኩ። የደከመ እጅ ሰንሰለት መያዝ የለበትም» ብላ መለሰችለት። እኔ ደግሞ እንዲያስነሳው ጠየቅሁት። ነዳጅ ሳትጨምርለት ዝም ብሎ እንዲሠራ አድርግ አልኩት። ከሞተሩ ድምፅ ሥር ቀጭን ሽርሽርታ ሰማሁ፤ ጎንበስ ስል ሰንሰለቱ ማንም ሳያዘው ቀስ እያለ ይዞራል።

«ይሄ ቁም ሲሉት የሚሄድ ነው» አልኩ።

«እንዲህ ያለ ወንድም አለኝ፣ ይበቃኛል» አለች ባለቤቴ።

ትንሹንና አዲሱን መረጠች። ሰንሰለቱን የሚያቆመውን ፍሬን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ሞከረችው። ትርፍ ሰንሰለት እዚያው ሱቅ ይገኝ እንደሆነ ጠየቀች፤ በእጇ ይዛ ካላየችው አላመነችም። ዋጋ ተከራክራ ያስቀነሰችውን በመነጽር፣ በጆሮ መከለያ፣ በጓንትና ጫፉ ብረት ባለው ቦት ጫማ ጨረሰችው። ሻለቃ ሳጥኑን ሲያይ፣ «ይሄ የጥርስ መፋቂያ ነው ወይስ መጋዝ?» አለ።

እሁድ መኪናውን ደጅ አቁሞ ገባ። ፍራሹንና የእማማን የልብስ ሻንጣ ማንንም ሳይጠይቅ ጫነ። እማማ የሳሎኑን መስኮት ፍሬም አጥብቀው ይዘው ያያሉ።

ባለቤቴ ዛፉን ዞራ ዞራ አየችው። በሩን የያዙት ሦስት ቅርንጫፎች ናቸው፤ አንደኛው ከግንዱ ሥር ተጨፍልቆ እንደ ቀስት ተወጥሯል። ሁለቱን ያለ ችግር ቆረጠች። መጋዙን ከወገቧ በላይ አላነሳችም፤ በጫፉም አልነካችም። በየጊዜው አጥፍታ ትጠራለች፣ እኔና እማማም እንመልሳለን። ወደ ተወጠረው ስትደርስ ሻለቃ ዘሎ ቅርንጫፉን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«እኔ ልያዝልሽ፤ ይንቀጠቀጥብሻል።»

ሞተሩን አጠፋች። «ጋሼ፣ ራቅ በልና ተናገር።»

«ልርዳሽ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ልቆርጥ ነው!»

«ቁረጪ!» አልኩ። «ቁረጪ ልጄ!» አሉ እማማ ከመስኮት። ሻለቃ ዝም።

«በገዛ እናቴ ግቢ እንደ ወዛደር መልስ ስጥ ልባል?»

ባለቤቴ መጋዙን መሬት አስቀምጣ ጓንቷን አውልቃ ግንዱ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀመጠች። ሻለቃ ሰዓቱን አየ፣ መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ ሆዬ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ እየጸለይኩ ነው፤ ቀኑ ቢያልፍ እማማ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ «እንዲያው ቁረጪው» ልላት አፌ ድረስ መጣ። ፊቷን አይቼ ዋጥኩት።

«አንተ ልጅ!» አሉ እማማ። «ስትወለድ እንኳ እንዲህ አላስጠበቅከኝም!»

ሻለቃ ቅርንጫፉን ለቀቀ። ወደ አጥሩ ተመልሶ፣ ለአጥሩ የሚናገር ይመስል፣ «ቁረጪ» አለ።

«አልሰማሁም፣ ጋሼ።»

«ቁረጪ አልኩ!»

ቅርንጫፉ ከሚፈናጠርበት በተቃራኒ ቆመች። መጀመሪያ ከታጠፈበት ውስጥ ትንሽ ነካች፤ ቀጥላ ከውጭ፣ ጥቂት በጥቂት። ድንገት ጧ! አለ፤ ቅርንጫፉ ተፈናጥሮ አየሩን እንደ ጅራፍ ገረፈው። ያለፈበት ቦታ ሻለቃ ደረቱን ሰጥቶ ቆሞበት የነበረው ነው። አፈር ብቻ ቦነነ።

ሻለቃ ደረቱን ዳበስ አደረገ።

በሩ ተከፈተ። ወፍራሙን ግንድ ባለቤቴ አልነካችውም። «ይሄ የዚህ መጋዝ ሥራ አይደለም፤ ባለሙያው በተራው ይምጣ» አለች፤ መጋዙን ጠርጋ ሳጥኑ ውስጥ መለሰችው። ላቧ በመነጽሩ ሥር ይወርዳል፤ ጣቶቿ ሁሉ በቦታቸው። ባለቤቴ ናት ብዬ ለመንገደኛ ሁሉ መንገር አማረኝ።

እማማ ቅጠል እየረገጡ መጥተው በራቸውን በገዛ እጃቸው ዘጉ፤ መልሰው ከፈቱ። ከዚያ ወንበራቸውን አውጥተው ተቀመጡ።

ሻለቃ ሳይታዘዝ ወደ መኪናው ሄደ። ፍራሹን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ፊቱ ሳይታይ፣ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ልገባ ነው!» አለ ከፍራሹ ሥር።

«ግባ!» አልነው ሁላችንም።