ለአፈር የተያዘ ጃንጥላ

«ማረፉስ ለእሱም ይሻለዋል» አለ ታክሲ ነጂው ሻዩን እፍ እያለ። «አእምሮው ከሄደ ቆይቷል ሲባል ሰምቻለሁ።»

ለቅሶ የመጡት ሁሉ ከንፈራቸውን መጠጡ። የሟች ልጅ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አንገቱን ደፋ። ወሬውን ያወጣው እሱ ራሱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በሙቀቱ ወራት ማብቂያ ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ በጓሮው የደረቀውን ተክል ሲነቅል፣ ጡረታ የወጣው ፖስተኛ አባቱ አተር ዘራ። ልጁ ለምሳ ብቅ ሲል ሽማግሌው በጠራራ ፀሐይ ተቀምጦ፣ እርጥብ ጆንያ በለበሰ ባዶ የአፈር መደብ ላይ ጃንጥላ ይዞ አገኘው። እሱ ራሱ በፀሐይ እየተጠበሰ ነው። ለምን ብሎ መጠየቅ ምንም አይከብድም ነበር። አልጠየቀም፤ ሳቁን አፍኖ ወደ ፀጉር ቤቱ ተመለሰ። «አባዬ ለአፈር ጃንጥላ ይዟል፤ ጨርሶ ጃጅቷል» ሲል ደንበኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቀልዱ ስለሰመረለት በማግስቱም ደገመው። ቅመም ጨመረበትና አባቱ አፈሩን በስሙ ይጠራዋል እስከ ማለት ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ አባቱ ፀጉሩን ሊቆረጥ አልመጣም። ልጁም እግሩን አሞት ይሆናል ብሎ ራሱን አሳመነ። አስከሬኑ ሲታጠብ ግን የአባቱን ማጅራት አየ፤ ፀጉሩ እንደ ነገሩ ተከርክሞ ደረጃ ሠርቷል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ቀና ብሎ ማየት አቅቶታል።

አሁንም መቀመጥ ቢያቅተው ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። አተሩ የተወጠረለትን ሽቦ ይዞ ወጥቷል፤ ከታች እሸቱ ሞልቷል፣ ከላይ ገና ያብባል። እናቱ ከኋላው መጣች።

«ትኩስ አፈር ውስጥ አተር አይበቅልማ» አለችው። «አየሩ እስኪቀዘቅዝ ነበር ጥላ የሚይዝለት። በብርድ የደረሰ እሸት ይጣፍጣል፣ ልጄም ይወደዋል ይል ነበር።»

«ፀጉሩን ማን ቆረጠው፣ እማ?»

«እኔ ነኝ፣ በወጥ ቤት መቀስ። አንተ ጋ መጥቶ ነበር። በር ላይ እንደ ደረሰ ስትስቁበት ሰማና ተመለሰ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጄ እንዳያፍር፣ አትንገሪው አለኝ።»

ልጁ ወደ ለቅሶኞቹ ተመልሶ ገባ። ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አየው።

«አባቴ እስከ መጨረሻው ሙሉ ሰው ነበር» አለ። «ያን ወሬ ሰው ለማሳቅ ብዬ የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ታክሲ ነጂው ባዶ ብርጭቆውን ማገላበጥ ያዘ፤ ጥቂቶች ለመሄድ ጫማቸውን ፈለጉ።

አመሻሹ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ብርዱ በረታ። እናቱ ዛሬ ውርጭ መውደቁ አይቀርም፣ አበባውን ያቃጥለዋል አለች። መኝታ ቤት ገብታ ገና ያልታጠበውን የባሏን ብርድ ልብስ ይዛ ወጣችና አንዱን ጫፍ ለልጇ አቀበለችው። ጫፉን ወደ ፊቱ አስጠግቶ ትንሽ ያዘው። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው አተሩን አለበሱት።